የኮፍያና የባርኔጣ አስተጣጠብና አያያዝ በባሕር ዳር ፀሐይና ክረምት

አባቴ ገበያ ሲወጡም ሆነ ለቅሶ ሲደርሱ ከራሳቸው የማይለዩት አንድ ቡናማ የሱፍ ባርኔጣ ነበራቸው። አንድ የሐምሌ ምሽት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ዶፍ ዝናብ ያዛቸውና ባርኔጣው ውሃ እያንጠባጠበ ቤት ገባ። እኔም ቶሎ ይደርቅላቸው ብዬ ፍሙ ገና ካልከሰመው የከሰል ምድጃ አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀመጥኩት። በማግስቱ ጠዋት ክፈፉ እንደ ደረቀ ቅጠል ወደ ላይ ተጠቅልሎ፣ ግንባር ላይ የሚያርፈው የውስጥ ቆዳ ተኮማትሮ፣ አናቱም ጠብቦ አገኘሁት፤ ከዚያ ወዲያ አባቴ ራስ ላይ አልገባም። ባርኔጣውን ያበላሸው ዝናቡ እንዳልነበረ የተረዳሁት ብዙ ቆይቼ ነው። ዝናቡን ይችለው ነበር፤ ያልቻለው እሳቱን ነው።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጥያቄዎችን ሳልመልስ ኮፍያ ውሃ አላስነካም፦ ከምን ተሠራ? ከታጠበስ በኋላ የትና እንዴት ይደርቃል? ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ በመሆኗ ፀሐይዋ ቀለምን ፈጥና ታደበዝዛለች፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ዝናቡና የሐይቁ እርጥበት ተደርበው ያልደረቀን ነገር ሁሉ ያሻግታሉ። ስለዚህ እዚህ ከተማ ውስጥ ኮፍያ ማጠብ ማለት ግማሹ ሥራ ማድረቅ ነው።

ከውሃ በፊት፦ ኮፍያውን መለየት

በቅድሚያ የውስጡን ምልክት ይፈልጉ። ሳፋ የሚመስለው ሥዕል ላይ እጅ ካለበት በእጅ ብቻ ይታጠባል፤ 30 የሚል ቁጥር ካለበት ውሃው ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መብለጥ የለበትም፤ ሳፋው ላይ የመስቀለኛ ምልክት ካለበት ደግሞ ፈጽሞ ውሃ ውስጥ አይነከርም። ምልክቱ ተቀዶ ከሆነ ወይም ከነጭራሹ ከሌለ ከውስጥ ስፌት አንዲት ክር ነቅለው፣ በመቆንጠጫ ይዘው፣ ከቤት ውጭ በክብሪት ያቃጥሏት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸትና ለስላሳ ግራጫ አመድ ይተዋል። ሱፍ እንደሚቃጠል ጠጉር ይሸታል፤ የቀረውም በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። ፖሊስተር ግን ይቀልጥና ጠንካራ ጥቁር ጠብታ ሆኖ ይቀራል።

ቀጥሎ ከፊት ለፊት የወጣውን ጥላ ይፈትሹ። የአሁኖቹ ኮፍያዎች ጥላ ውስጡ ፕላስቲክ ስለሆነ ቀስ ብለው ሲያጥፉት ተመልሶ ይዘረጋል። የቆዩትና ርካሾቹ ግን ካርቶን ሊኖራቸው ይችላል፤ ካርቶን ሲታጠፍ የመሰበር ስሜት አለው፣ ታጥፎም ምልክት ይይዛል። ካርቶን ያለበትን ኮፍያ በውሃ መዘፍዘፍ ማለት ዳግመኛ እንዳይደረግ መፍረድ ነው፤ እንዲህ ያለው በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ይጸዳል።

የመጨረሻው ፈተና የቀለም ነው። ነጭ ጨርቅ በሳሙና ውሃ አርጥበው በማይታይ የውስጥ ስፌት ላይ ለአንድ ደቂቃ ያህል ይጫኑት። ጨርቁ ላይ ቀለም ከታየ ኮፍያው ቀለም ይለቃልና ለብቻው፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ሳይዘፈዘፍ መታጠብ አለበት።

ለሥራው የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ ሳፋ፣ ጠጉሩ የለሰለሰ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ሁለት ፎጣ፣ ለዘብ ያለ ፈሳሽ ሳሙና ወይም የሕፃናት ሻምፑ፣ እንዲሁም የራስ ስፋት ያለው ጎድጓዳ ሳህን። በረኪናን ግን ከአጠገብዎ ያርቁ። ላብ ያጠቆረውን ነጭ ኮፍያ በረኪና ያነጣዋል ብሎ የሚያምን ሰው ብዙ ነው፤ ነገር ግን በረኪና ከላብ ጋር ሲገናኝ ቢጫውን ያብሰዋል፣ ሱፍንማ ጨርሶ ይበላዋል።

ስለ ማጠቢያው ቦታም አንድ ነገር መናገር ይገባኛል። ጣና ዳር ቆሞ፣ እግርን ውሃ ውስጥ ነክሮ ልብስ ማጠብ የቆየ ልማድ ቢሆንም በሐይቁ ዳርቻ የቢልሃርዚያ በሽታ ስላለና ተሕዋሲያኑ በቆዳ በኩል ስለሚገቡ ከዚህ መታቀብ ይሻላል። ውሃውን በባልዲ ከቧንቧ ቀድተው በግቢዎ ይጠቡ፤ እጣቢውንም ሐይቁ ውስጥ ሳይሆን አፈር ላይ ይድፉት። ይህ በተለይ በእንዶድ ለሚያጥቡ ሰዎች ይመለከታል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዓድዋ ውስጥ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን በማየታቸው የተክሉን ኃይል ለዓለም አሳውቀዋል። የቢልሃርዚያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ የሚገድለው ይኸው ኃይል ዓሣንም ይገድላል።

የጥጥና የፖሊስተር ኮፍያ

ከሁሉ በላይ የሚደረገውም፣ በላብ የሚያድፈውም ይህ ዓይነቱ ኮፍያ ነው። በመጀመሪያ ደረቁን አቧራ በብሩሽ ያራግፉ፤ አቧራ ሳይራገፍ ውሃ ከነካው ጭቃ ይሆንና ክሩ ውስጥ ይገባል።

ከዚያ ግንባር ላይ የሚያርፈውን የውስጥ ጥብጣብ ወደ ውጭ ገልብጠው ያለ ሳሙና በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁት። በጥቁር ኮፍያ ላይ እንደ ካርታ ተሥሎ የሚታየው ነጭ መስመር የላብ ጨው ነው፤ ጨው በውሃ ብቻ ይሟሟል። የጠቆረውና የሚያጣብቀው ክፍል ግን የቆዳና የጠጉር ቅባት ስለሆነ ሳሙና ይፈልጋል። ሁለቱን ለይቶ ማስለቀቅ ሥራውን በግማሽ ያቀለዋል።

ጨው ከለቀቀ በኋላ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና በቀጥታ ጥብጣቡ ላይ ጠብ አድርገው በጥርስ ብሩሹ በትንንሽ ክብ ክብ ይሹት፤ 15 ደቂቃ ያህልም ይተዉት። ቀጥሎ ሦስት ሊትር በሚሆን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሳሙና በጥብጠው ኮፍያውን ለ20 ወይም ለ30 ደቂቃ ይዘፍዝፉት። በዚህ ጊዜ ጥላው እንዳይታጠፍ ሳፋው ሰፊ ይሁን። ከዚያም ውስጡንና ውጩን በስፖንጅ አሽተው፣ የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ ድረስ ሦስት አራት ጊዜ ያለቅልቁ። ጨርቁ ውስጥ የቀረ ሳሙና አቧራ ይስባል፣ ግንባርንም ያሳክካል፤ ስለዚህ ማለቅለቁን አይሰልቹ።

ኮፍያ አይጠመዘዝም። በፎጣ ጠቅልለው በመዳፍዎ እየተጫኑ ውሃውን ወደ ፎጣው ያስለቅቁት። ከዚያ በተደፋው ጎድጓዳ ሳህን ላይ አልብሰው አናቱን በጣት ያስተካክሉ፣ ጥላውንም በፈለጉት ቅርጽ ያጉብጡት፤ አንድ ጊዜ ከደረቀ በኋላ የያዘውን ቅርጽ ማስለቀቅ አስቸጋሪ ነው። የሚደርቀው ጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ነው። ቀን ከሐይቁ ወደ ከተማው የሚነፍሰው ነፋስ የሚደርስበት በረንዳ ካለዎት ከዚያ የተሻለ ማድረቂያ የለም። የሰፈራችን አንድ የባጃጅ አሽከርካሪ ጥቁር ኮፍያውን እያጠበ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ያሰጣ ነበር፤ ጥቂት ጊዜ እንዳጠበው አናቱ ቀላ ብሎ፣ ጥላው ግን ጥቁር እንደሆነ ቀረ። ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የፀሐይዋ አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ሞቃት ቆርቆሮ ሲታከልበት ደግሞ ጉዳቱ ያይላል።

በልብስ ማጠቢያ ማሽን ማጠብን አልመክርም፤ ከበሮው ጥላውን ያጎብጣል፣ አናቱንም ያጨማድዳል።

ለየት ያለ ጥንቃቄ የሚሹ እድፎች

በአካባቢያችን ኮፍያን ከሚያስቸግሩ እድፎች ዋናው ቅቤ ነው። ቅቤ የተቀባ ራስ ላይ የተደረገ ኮፍያ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲነከር ቅቤው ረግቶ ክሩን የበለጠ ይይዛል፤ ቅቤ ሊቀልጥ የሚችለው ወደ 35 ዲግሪ ሲጠጋ ነውና። ስለዚህ አስቀድመው የበቆሎ ዱቄት በእድፉ ላይ ነስንሰው አሳድረው ያራግፉት፤ ዱቄቱ ብዙውን ቅባት ይጠጣል። ቀጥሎም ኮፍያው ውሃ ሳይነካ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ቀብተው ለ10 ደቂቃ ይተዉት፤ በመጨረሻ 40 ዲግሪ ገደማ በሆነ፣ እጅ በሚችለው ሞቅ ያለ ውሃ ይጠቡት። ይህ ለጥጥ ብቻ ነው። የሱፍ ከሆነ በዱቄቱ ብቻ ይወሰኑ፤ ካስፈለገም ዱቄቱን ሁለት ሦስት ጊዜ ይደጋግሙት።

የአልጫ ወጥ እድፍ የሚያስደነግጥ ጠባይ አለው። እርድ ሳሙና ሲነካው ከቢጫ ወደ ቀይ ይለወጣል፤ ያየ ሰው ኮፍያው ተበላሸ ብሎ ያስባል። አልተበላሸም። በደንብ ሲለቀለቅ ወደ ቢጫ ይመለሳል፤ የቀረውን ቢጫ ደግሞ ፀሐይ ትበላዋለች። ነጭ የጥጥ ኮፍያ ከሆነ እርጥቡን ፀሐይ ላይ አንድ ሁለት ቀን ያስጡት። ከላይ ፀሐይን ያራቅሁ ቢሆንም ለዚህ እድፍ ከእርሷ የሚሻል መድኃኒት አላገኘሁም።

ከምስማር ወይም ከዛገ ሽቦ የመጣ የዝገት ምልክት በሎሚና በጨው ይለቃል። የዘጌ ሎሚ በገበያችን አይጠፋምና ግማሹን ጨምቀው ከጨው ጋር በምልክቱ ላይ ያድርጉ፣ ፀሐይ ላይ አንድ ሰዓት ያህል ያቆዩት፣ ከዚያም በብዙ ውሃ ያለቅልቁ። ባለ ቀለም ጨርቅን ሎሚ ሊያደበዝዝ ስለሚችል በነጭ ብቻ ይሞከር። ጭቃ ከሆነ ደግሞ ፈጽሞ እስኪደርቅ ጠብቆ መቦረሽ ይበቃል።

የሹራብ ኮፍያ

ሱፍ ሹራብ የሚጠብበው ክሩን የሸፈኑት ጥቃቅን ቅርፊቶች በሙቀት፣ በእርጥበትና በእሽታ እርስ በርስ ተያይዘው ስለሚቆላለፉ ነው። በቀዝቃዛ ውሃና በሕፃናት ሻምፑ፣ ሳይሹ እየተጫኑ ብቻ ይጠቡት። ገመድ ላይ አይሰቀልም፤ በፎጣ ላይ ተዘርግቶ ይደርቃል።

የሱፍ ባርኔጣ

አባቶቻችን የሚያደርጉት ባለ ክፈፍ ባርኔጣ አልተሸመነም፤ የሱፍ ወይም የእንስሳ ጠጉር በሙቀትና በእርጥበት ተጠቅጥቆ፣ በቅርጽ ላይ ተወጥሮ የተሠራ ነው። የተሠራበት ሙቀትና እርጥበት ዳግመኛ ያለ ልክ ከደረሰበት ቅርጹን ያፈርሰዋል። ስለዚህ አይነከርም።

በየቀኑ ሊደረግለት የሚገባው መቦረሽ ነው። ለስላሳ የልብስ ብሩሽ ይዘው ከግራው በኩል ጀምረው ከሰዓት ቆጣሪ አዟዟር በተቃራኒ፣ የጠጉሩን አተኛኘት ተከትለው ዙሪያውን ይቦርሹ። ለጥቁርና ለነጣ ባርኔጣ የተለያየ ብሩሽ ቢኖርዎ መልካም ነው፤ አንዱ የሌላውን ብናኝ ይይዛልና። የጣት ምልክትና ቀላል እድፍ በነጭ ንጹሕ ላጲስ ቀስ ተብሎ ሲታሽ ይለቃል፤ የነጭ ዳቦ ውስጠኛው ክፍልም ለዚሁ ያገለግላል።

ዝናብ ከመታው አራግፈው የውስጡን ቆዳ ወደ ውጭ ይገልብጡና ባርኔጣውን በዚያ ቆዳ ላይ ያቁሙት፤ እንዲህ ሲሆን ክፈፉ ጠረጴዛ አይነካም፣ አየርም ከሥር ያገኛል። ከእሳት፣ ከምድጃና ከፀሐይ ርቆ አንድ ቀን ሙሉ፣ በክረምት ሁለት ቀን፣ ይቆይ። ሲደርቅ ጠጉሩ ስለሚደርቅና ስለሚተኛ እንደገና ይቦርሹት።

ክፈፉ ከተጣመመ መድኃኒቱ እንፋሎት ነው። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ውሃ አፍልተው ባርኔጣውን ከአፉ አንድ ስንዝር ያህል አርቀው፣ የተጣመመውን ክፍል ብቻ ለጥቂት ሰከንድ እንፋሎት ያስነኩት፤ ከዚያ በእጅዎ አስተካክለው እስኪቀዘቅዝ ይያዙት። እንፋሎት እጅን ክፉኛ ያቃጥላልና ጣትዎ ከፊቱ አይቁም፤ ውስጠኛውንም ቆዳ እንፋሎቱ እንዳያገኘው ይጠንቀቁ። የአባቴን ባርኔጣ ክፈፍ ከዓመታት በኋላ በዚህ መንገድ መልሼዋለሁ። የጠበበው አናትና የተኮማተረው ቆዳ ግን አልተመለሱም።

ባርኔጣ ሲያነሡ አናቱን በሁለት ጣት ቆንጥጦ መያዝ የተለመደ ነው፤ በቆይታ ግን ያንኑ ቦታ ይቀደዋል። በክፈፉ ከፊትና ከኋላ ይያዙት። ሲያስቀምጡትም በአናቱ ገልብጠው ያስቀምጡት እንጂ በክፈፉ አያሳርፉት።

የሣርና የሰሌን ባርኔጣ

የሣር ባርኔጣ ጠባይ ከታንኳ ጋር አንድ ነው። የጣና ታንኳ ቀዛፊዎች ሥራቸውን ሲጨርሱ የደንገል ታንኳቸውን ከውሃ አውጥተው ዳር ላይ ያደርቁታል፤ ደንገል ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ውሎ ካደረም ይበሰብሳል። ሰሌንም፣ ስንደዶም እንዲሁ ናቸው፤ ውሃ ሲጠጡ ያብጣሉ፣ ከመጠን በላይ ሲደርቁ ደግሞ ይሰበራሉ።

ስለዚህ የሣር ባርኔጣ በለስላሳ ብሩሽ ይራገፋል፤ እድፉም ጠብታ ሳሙና ባለበት፣ በሚገባ በተጨመቀ ጨርቅ፣ በጉንጉኑ አቅጣጫ ይጠረጋል። ቀጥሎ ሳሙና በሌለው እርጥብ ጨርቅ፣ በመጨረሻ በደረቅ ፎጣ ይታበሳል። ክፈፉ ከጎበጠ በእንፋሎት አለስልሰው ከላይና ከታች ነጭ ወረቀት አድርገው፣ ጠፍጣፋ ነገር ጭነውበት ያሳድሩት። በበጋ ደርቆ መሰበር ከጀመረ ጠዋት ጠዋት እርጥብ ጨርቅ ማስነካት ይበቃዋል። ደርቆ ሳለ ክፈፉን አያጥፉት።

የቆዳ ባርኔጣ

በደረቅ ጨርቅ፣ ቀጥሎ በትንሹ በረጠበ ጨርቅ ይጠረጋል፤ ከደረቀ በኋላ ቀለም አልባ የጫማ ክሬም በስሱ ይቀባል። ቅቤና የምግብ ዘይት አይቀቡት፤ ይኮመጥጣሉ፣ ይሸታሉ።

ጥምጥም

በሐይቁ ደሴቶችና በዘጌ ገዳማት የሚያገለግሉ አባቶች ጥምጥም፣ በየሰፈራችንም ያሉ ካህናት የሚጠመጥሙት፣ ሳሳ ያለ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ነው። ለአባ የሚያጥብ ሰው በመጀመሪያ አጠማጠሙን ሳይቆርጥና ሳይጎትት ሙሉ በሙሉ ይፍታው፤ ተጠምጥሞ የታጠበ ጥምጥም እጥፋቱ ውስጥ ቢጫ መስመር ይቀርበታል። ነጭ ጥጥ ሙቀት ስለሚችል 60 ዲግሪ በሚደርስ ውሃ ግማሽ ሰዓት መዘፍዘፍ ይቻላል፤ እንዶድም ለዚህ ጨርቅ ይስማማዋል። ነጭ ነውና ፀሐይ ላይ ይሰጣ፤ ገመዱ ግን ዝገት የሌለበት ይሁን።

ይኸው ሙቅ ውሃ ለልጆች የጥጥ ኮፍያም ይጠቅማል። ቆረቆርና ቅማል በኮፍያ መዋዋስ ይተላለፋሉ፤ አንድ ልጅ ከያዘው የቤቱን ልጆች ኮፍያ ሁሉ በአንድ ቀን በ60 ዲግሪ ውሃ ማጠብ፣ ለየራሳቸውም ማድረግ ያስፈልጋል።

ክረምትና ማስቀመጫ

ግንቦት ሲያልቅ የማያደርጓቸውን ኮፍያዎች አጥበው ወይም ቦርሸው ያስቀምጡ። ብል የሚወደው ላብና ቅባት የነካውን ሱፍ ነው፤ የሚበላውም የሚበረው ቢራቢሮ ሳይሆን እጩ ነው። ናፍታሊን ያባርረዋል፤ ነገር ግን ለልጆች መርዝ ስለሆነ ሕፃን ባለበት ቤት አልጠቀምበትም። ፍሪዘር ያለው ሰው የሱፍ ኮፍያውን በፌስታል አሽጎ ለሦስት ቀን ቢያስቀምጠው እጩ ይሞታል።

ከዚያ ውጭ ግን ፌስታል የኮፍያ ጠላት ነው፤ እርጥበቱን አፍኖ ሻጋታ ያበቅላል። አናቱን በተጨማደደ ነጭ ወረቀት ሞልተው (ጋዜጣ ቀለሙን ይለቃል)፣ በጥጥ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ጎኑ በተበሳሳ ካርቶን ውስጥ ያስቀምጡት። ካርቶኑ ወለል ላይ ወይም ዝናብ ከሚመታው ግድግዳ ጋር ተጠግቶ አይቀመጥ።

በሐምሌና በነሐሴ በየሁለት ሳምንቱ፣ ሰማዩ ብራ ባለ ጠዋት ካርቶኑን ከፍተው ኮፍያዎቹን አንድ ሰዓት አየር ያስመቱ። አመድ የመሰለ ሻጋታ ካዩ አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው ከቤት ውጭ ይቦርሹት፤ ቆዳ ከሆነ በእኩል መጠን በተቀላቀለ አልኮልና ውሃ ባረጠቡት ጨርቅ፣ አስቀድመው በማይታይ ቦታ ሞክረው፣ ይጥረጉት። ሱፍ ከሆነ ከቦረሹ በኋላ ጥላ ሥር ነፋስ ያስመቱት። ወደ ካርቶኑ የሚመለሰው ሽታው ፈጽሞ ሲጠፋ፣ የውስጡ ጥብጣብም በጉንጭ ሲነካ ቅዝቃዜ የማይሰማው ሲሆን ነው፤ ቅዝቃዜ ከተሰማዎ ገና እርጥብ ነው።